በረሺድ ስም ያለው ቤት

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ያለው ቤት የግቢ በር ቁልፍ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተቀየረ።

ይድረስ ለወንድሜ ለናሆም። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ተቀምጦ መዋል ያመጣብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትሠራው? ኤደንስ እንዴት ናት? ዮሐና የፊት ጥርሷ በቀለላት? እማዬስ፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ ቆሜአለሁ። በጥቅምት የያዘኝ ትኩሳት ለቆኛል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አንታጠፍም ይሉኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ሰላምታዬን ከዜናው በኋላ ማድረጌን እማዬ ብትሰማ አትወድም። ስታነብላት ሰላምታውን አስቀድምላት፤ መካከሉን ዝለለውና መጨረሻውን አንብብላት።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ደግሞም አሁን ካለሁበት ክፍል የምናገረው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፀጋአብ የሚባል፣ ሶባ ሳለን ጎረቤታችን የነበረ ሰው በፖርት ሱዳን በኩል ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ በእጁ ያደርስልሃል።

በኅዳር የላክልኝን ረጅም መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከደሞዝህ ከግማሽ በላዩን እንደምታስቀምጥ፣ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላህ ሥራ እንደምታቆም፣ ኤደን «ታዲያ መቼ ነው የምንኖረው?» እያለች እንደምትነዘንዝህ፣ አንተም «የወንድሜን የግሩምን መንገድ ነው የያዝኩት» ብለህ እንደመለስክላት ጽፈሃል። በመጨረሻም «አንተ ምን ትላለህ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩህ ቸል ብዬ አይደለም። መንገዱ የት እንዳደረሰኝ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። አሁንም አላወቅኩም። እስከዛሬ የሆነውን ግን ልንገርህ።

እኔ ካርቱም ውስጥ ጥሩ ደሞዝተኛ እንደነበርኩ ታውቃለህ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ጄኔሬተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፤ ኩባንያው የሚከፍለኝም በዶላር ነበር። ከኔ በታች የሚሠሩት ሱዳናውያን መኪና ሲቀያይሩ እኔና ዘመናይ ሶባ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ እዚህ ሀፍላ በሚሉት ሚኒባስ እየተጋፋን እንመላለስ ነበር። ዘመናይ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከኔ ትብስ ነበር። አንድ ቀን ሥጋ ቤት ቆማ ከአጥንቱም ርካሹን ስታስመርጥ ባለሥጋው «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ባልሽ መሐንዲስ ነው ወይስ እስረኛ?» አላት። «ሁለቱንም ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ይፈታል» አለችው። ቤት መጥታ ስትነግረኝ ከሳቋ የተነሣ አረፍተ ነገሩን መጨረስ አቅቷት ነበር። እቅዳችን ግን በትክክል ያ ነበር። ሃምሳ ሲሞላኝ ሥራ አቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንኖራለን።

መቆጠቡ ቀላል ነበር። ያስቸገረን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው። ባንክ የገባ የሱዳን ገንዘብ ከወር ወር ይሟሟል፤ ዶላር ፍራሽ ሥር ይዞ መተኛት ያስፈራል። ወደ አገር ቤት እንዳልልክ ያኔ ከአገር ባስወጣኝ ጉዳይ የተነሣ በስሜ ምንም ማስመዝገብ አልችልም ነበር፤ አንተም ገና ተማሪ ነበርክ። ስለዚህ እዚህ ያለ ስደተኛ፣ ገንዘብ ሲተርፈው፣ የሚያደርገውን አደረግን፤ ገንዘቡን ግድግዳ አደረግነው። ሪያድ፣ ደህና ደህና ቪላዎች ባሉበት ሰፈር፣ ቦታ ገዝተን ቤት ሠራን። በኔ ዓይነት ወረቀት ቦታ ማስመዝገብ ስላልተቻለ ግን ቤቱ የቆመው በረሺድ ስም ነው።

ረሺድን በስልክ ታውቀዋለህ። እማዬን «ደህና ነሽ ወይ የኔ እናት» እያለ የሚያስቃት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ካርቱም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ፖሊስ መንገድ ላይ ይዞኝ «ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን አሳይ» ሲለኝ፣ የማላውቀው ሰው ከመኪናው ወርዶ «የኔ ሰው ነው» ብሎ ያስለቀቀኝ እሱ ነበር። የቤቱ ነገር ሲመጣ ወረቀት እንጻፍ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ወንድምህ ነኝ ወይስ ደላላህ?» አለኝ። ከዚያ ኦምዱርማን፣ በገዛ ቤቱ ሳሎን፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሓ፣ የቁርኣንን መክፈቻ፣ ቀራ። እዚህ አገር ጋብቻም እርቅም የሚጸናው እንዲህ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ የተቀራበት ነገር አይታጠፍም ይላሉ። እኔም እጄን ዘርግቼ ቆየሁና ሲጨርስ አማተብኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ሚስቱ ሀጀራ የሻይ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ስሙ የኔ ነው፣ ቤቱ የግሩም ነው፤ ሰምተሻል» አላት። «ሰምቻለሁ» አለችና ሻዩን አስቀመጠች። ናሆም፣ በዚህ ምድር ላይ ያለኝ ማስረጃ ይኸው ነው።

ቤቱ ሲያልቅ ለውጭ ድርጅት አከራየነው። እኛ እዚያው ሶባ ቀረን። ዘመናይ የወጥ ቤቱን ንጣፍ ራሷ መርጣለች፤ ሰማያዊና ነጭ ነው። አንድም ቀን አልሠራችበትም።

ረሺድ ቁጠባ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ዓርብ ሲሆን ሱቁን ዘግቶ ጀበል አውሊያ፣ ግድቡ አጠገብ፣ ዓሣ ሳይበላ አይውልም። ያገኘውን ሁሉ አሳፍሮ ይሄዳል። እኔንና ዘመናይንም አንዳንዴ እየጎተተ ወስዶናል። «ያ ግሩም፣ አንተ እኮ ቤትህን ብቻ አይደለም ያከራየኸው፤ ሕይወትህንም አከራይተሃታል» ይለኝ ነበር። ዘመናይ ቀበል አድርጋ «ተከራዩ ጥሩ ይከፍላል» ትለዋለች። እሷ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ዳር ቆማ፣ በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሌላው የዓሣውን እሾህ እየለቀመች ስትበላ አሁን ድረስ ይታየኛል። ከነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲህ አጥርቼ የማየው ቀን ብዙ የለኝም።

ሃምሳ ሞላኝ። ተከራዩ ድርጅት «ውሉን ለአንድ ዓመት እናድስ» አለን። ኪራዩን ጨመረልን። «እንግዲህ አንድ ዓመት ነው» አልን። በዚያ በተራዘመው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን ታውቀዋለህ። ከሶባ ወደ መደኒ፣ ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ። የዘመናይ ኩላሊት ደክሞ የነበረ ቢሆንም በሳምንት ሁለት ጊዜ እየታጠበች ትኖር ነበር። ገዳሪፍ ማጠቢያው አለ፤ መብራት ግን የለም። የክሊኒኩን ጄኔሬተር ፈትቼ ጠገንኩት፤ ተነሣም። ነዳጅ አልተገኘም። መሞቷን በስልክ ስነግርህ ይህን አልነገርኩህም ነበር። አሁን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ስታድግ ሌላ ሰው ለዮሐና ከሚነግራት አንተ አውቀኸው ትቆየኝ ብዬ ነው።

ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ባለፈው ሰኔ ወደ ካርቱም ተመለስኩ። የሶባው ቤት የለም። የሪያዱ ቆሟል፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የሽንት ቤቱን ዕቃ ሁሉ ወስደውታል። የመብራት ሽቦውን ግድግዳውን እየሰነጠቁ መዝዘው አውጥተዋል። ያንን ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ በየት በየት እንደሚያልፍ ከኔ ይልቅ እነሱ ያወቁት ይመስላል። የወጥ ቤቱ ንጣፍ ግን አንድም አልተነሣም። ጠርጌ፣ ሁለት ክፍል ደፍኜ፣ ጣሪያው ላይ አሮጌ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። መጠገን፣ መሸጥ፣ ወደ እናንተ መምጣት፤ ያሰብኩት ይህ ነበር።

በመስከረም ረሺድ ከነቤተሰቡ ከፖርት ሱዳን መጣ። የኦምዱርማን ቤቱ ጣሪያ የለውም፣ ሱቁም ተቃጥሏል። ከበሩ ላይ ሆኖ «ያ ኣኺ፣ ወንድሜ፣ እንግዳ ታስገባለህ?» አለኝ። «ግባ፣ በስምህ ያለ ቤት አይደል?» አልኩት። ሻንጣውን ጥሎ እስኪያስለው ሳቀ። ሴቶች ስላሉ ዋናውን ቤት ለቀቅኩላቸውና በሩ አጠገብ ወዳለው የዘበኛ ክፍል ገባሁ። ማንም አላስወጣኝም፤ ራሴ ነኝ የወጣሁት። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን እናወራለን። የበላውም እሱ፣ ያስቀመጥኩትም እኔ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ተገናኘን። ስነግረው «እኔ ግን ዓሣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለኝ።

በጥቅምት ከተማውን ያዳረሰው ትኩሳት ሁለታችንንም ጣለን። እኔ ተነሣሁ። ረሺድ ጥቅምት 20 ቀን በዚሁ ቤት ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ መንገዱ እስኪጠብ ሰው መጣ። እንዲህ የተበተነ ከተማ ያን ያህል ሰው ከየት እንዳወጣ እንጃ። ግማሹ ስለ ዓርብ ዓሣው ያወራ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሀሰን ከሸንዲ መጥቶ ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፤ «አላህ ይመስገን፣ ወንድሜ በገዛ ቤቱ ነው የሞተው» እያለ። እኔ ለድንኳኑ መብራት ስስብ መሰላል ላይ ሆኜ ሰማሁት። ረሺድ ለዘመዶቹ ነግሯቸው አያውቅም። ሀሰን ክፉ ሰው አይደለም፤ ዱቄቱንና ዘይቱን ለሀጀራና ለልጆቹ የሚያመጣው እሱ ነው። የሚያየው ግን የወንድሙን ስም፣ የወንድሙን ሚስትና በሩ ላይ ያለ አንድ ሐበሻ ነው። በዚህ ሰፈር በየበሩ ላይ ሐበሻ ዘበኛ ነበር።

ለቅሶው እንዳበቃ ጠርቶ አነጋገረኝ። «ያ ሐበሺ፣ ወንድሜ ይወድህ ነበር፤ እኔም ታማኝ መሆንህን አይቻለሁ። ክፍሉ ያንተ ነው፣ ዘበኛ ሆነህ ተቀመጥ። ደሞዝ እቆርጥልሃለሁ» አለኝ። የቆየ ልማድ ሆኖብኝ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ነገረኝ። «ላስብበት» አልኩት። ተገርሞ አየኝና «ምኑን ታስባለህ? ሌላ ቤት አለህ?» አለኝ።

ለምን አትነግረውም ትለኝ ይሆናል። ኢቃማዬ ካለፈበት ቆይቷል። ወረቀት የለኝም፣ የሞተ ሰው ቤት የኔ ነው የሚል የውጭ ሰው ነኝ። ምስክሬ አንድ ነው፤ እሷም ሀጀራ ናት። ሀጀራ ደግሞ አሁን ሀብስ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ነጭ ለብሳ፣ ባሏ ከሞተበት ቤት ሳትወጣ፣ ባዕድ ወንድ ሳታይ የምትቀመጥበት ነው። ግቢውን ተሻግሬ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ፊቷን አላየሁም። ልጆቿን ስትጠራ ድምፅዋን እሰማለሁ። ሀሰን ከረመዳን በኋላ ቤቱን ሸጦ ለወራሾቹ ለማከፋፈል ገዢ እያፈላለገ ነው።

በኅዳር መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇ ዛሂራ፣ ፋርማሲ የምትሠራው፣ መልእክት አመጣችልኝ። «እናቴ እንዲህ ትላለች፤ ከሀብስ ስወጣ በሰው ፊት እናገራለሁ። እስከዚያ ግሩም ለማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለችኝ። ምን እንደምትናገር ጠየቅኳት። «ወላሂ ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ እኔም አላውቅም» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። ሀጀራ እውነተኛ ሴት ናት። አራት ልጆችም አሏት፤ ከዚህ ጣሪያ ሌላ ጣሪያ የላቸውም። በሷ ቦታ ብሆን ምን እል ነበር ብዬ አስቤአለሁ። መልሱን አልጻፍልህም።

ትናንት ሀሰን ቁልፍ ሠሪ ይዞ መጣ። ሌባ በዝቷል አለኝ፤ አልዋሸም። አዲሱን ቁልፍ ግን አልሰጠኝም፤ «ስትገባ ታንኳኳለህ» ብሎኝ ሄደ። ሲመሽ ዛሂራ እራት ይዛልኝ ስትመጣ ከዳቦው ሥር አንድ ቁልፍ ነበር። ሰሃኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ደግ ምልክት ነው ልልህ ወደድኩ፤ ነገር ግን ለመንገዱ ሁሉ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ያለው ከግቢው ውጭ ነው፤ በየጠዋቱ የማስነሳውም እኔ ነኝ። ቁልፉ ለውኃው ይሁን ለኔ አላውቅም።

እንግዲህ ጡረታዬን ጀምሬአለሁ ማለት ነው። አልቀለድኩብህም። ከዘመናይ ጋር ስናልም የነበረው ይህንኑ ቤት፣ ይህንኑ የኒም ጥላ ነበር፤ አለቃ የለም፣ ሀፍላ የለም፣ ሲያሻኝ እነሣለሁ። ዛፉን የተከልነው መሠረቱ ሲወጣ ነበር፤ አሁን ለሰው የሚበቃ ጥላ አለው። ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን ፓምፕ ፈታሁ። በሳምንቱ የመንገዱን ሁሉ። ሥራ ማቆም እንደማልችል ያወቅኩት ካቆምኩ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቆጠብኩት ለማላውቀው ሰው ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ግሩም ምን እንደሚወድ አልጠየቅኩትም።

ለጥያቄህ ያለኝ መልስ ትንሽ ነው። ቁጠባህን አልነቅፍም። ረሺድም የራሱ ጣሪያ ሳይኖረው ነው የሞተው፤ ልጆቹ አሁን የሚተኙት ቆጣቢ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ ነው። የሠራኸውን ግን በስምህና በኤደን ስም አድርገው፤ በጓደኛ ስም አይሁን፣ የፈለገ ጥሩ ጓደኛ ቢሆን። ለሥራ ማቆሚያ ያልከውን ቀን አታራዝም፤ ማራዘሙ ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አለው። ዮሐና ጥርሷ ሳይበቅል ዝዋይ ወስደህ ዓሣ አብላት፤ ኤደን ጫማዋን ታውልቅ። ስንት እንደወጣ ለኔ አትጻፍልኝ። የኔን መንገድ ይዣለሁ ያልካትን ደግሞ ተው። እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ።

የድሮው ኩባንያዬ ፖርት ሱዳን ቢሮ ከፍቷል። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «ና፣ ወንበርህ ባዶ ነው፤ እስከ የካቲት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ» ብሎኛል። ሀጀራ የሰማችውን ሰምቻለሁ ካለች ቤቱን ሸጬ ለእነሱም መጠለያ የሚሆን ትቼ ለፋሲካ እናንተ ዘንድ ነኝ፤ ይህን ለራሴ ወስኛለሁ። አልሰማሁም ካለች በሃምሳ አራት ዓመቴ ከጀማሪዎቹ ጋር ፖርት ሱዳን እገባለሁ። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱም የሀሰን ደሞዝ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ልብሱ ደርሶኛል፣ ልኬ ነው በላት፤ ባይሆንም። ለኤደን ጥያቄዋ ትክክል እንደሆነ ንገራትና ሰላም በልልኝ። ዮሐናን ሁለቱንም ጉንጭ፤ የሳለችልኝ ቤት ክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው፣ በሩን ቀይ ማድረጓን ወድጄዋለሁ። ታች ቤት ያሉትን አባባ በየነን እንዴት አሉ በልልኝ፤ ሬዲዮናቸውን ስመጣ እሠራላቸዋለሁ ያልኩትን አልረሳሁም። ለዘመናይ ደብር ላይ ጧፍ ማብራትህን እንዳታቋርጥ።

ሀጀራ ከሀብስ የምትወጣው የካቲት 29፣ እሑድ ነው። ሀሰን ለዚያ ቀን ዘመዶቹን ሁሉ ከሸንዲ ጠርቷል። በሩን ለእንግዶቹ የምከፍተው እኔ መሆኔን ከወዲሁ ነግሮኛል።

ወንድምህ ግሩም
ካርቱም፣ ሪያድ
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.